የኢቤምሃል አፍንጫ

ኢምፋል ከተማ መሀል ባለው የእናቶች ገበያ ወንድ አይሸጥም። ወንድ ጆንያ ይሸከማል፣ ጋሪ ይገፋል፣ ዋጋ ተከራክሮ ይሸነፋል፤ መደብ ላይ ተቀምጣ የምትሸጠው ግን ያገባች ሴት ብቻ ናት። መደቡም ከአማት ወደ ምራት፣ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል እንጂ ማንም ከመንገድ ገብቶ አይቀመጥበትም። ኢቤምሃል መደቧን ያገኘችው ከአማቷ ነው። አማቷ ንጋሪ ትሸጥ ነበር፣ ኢቤምሃልም ንጋሪ ሸጠች፣ እዚያው ፀጉሯ ሸበተ።

ንጋሪ ትንንሽ ዓሣ ነው። ፀሐይ ላይ ይደርቅና እንስራ ውስጥ በእግር እየተረገጠ ይጠቀጠቃል፤ የእንስራው አፍ በጭቃ ተመርጎ ወራት ይከርማል። ያለ እሱ በዚያ አገር ወጥ ወጥ አይባልም። ይሸታል፤ መሽተትማ ሥራው ነው። ግን ሽታ ሌላ፣ ግማት ሌላ። ጥሩ ንጋሪ አፍንጫን ቆንጥጦ ምራቅ ያመጣል፤ አየር የገባበት ደግሞ አንጀት ይገለብጣል። ዓይን ሁለቱን አይለያቸውም። ስለዚህ የንጋሪ ሻጭ ሀብቷ እንስራው አይደለም፣ አፍንጫዋ ነው። በዚያው ረድፍ አንዲት ሴት ነበረች፣ የተበላሸ እንስራ ለሰርግ ቤት ሸጠች፤ ከዚያ ወዲያ ዞር ብሎ የሚያያት ጠፋ፣ መደቧንም ለባሏ እህት ለቃ ቤቷ ገባች። ስሟ እስከ ዛሬ በረድፉ ይነሳል፤ ለበጎ ግን አይደለም።

ኢቤምሃል ባሏ ቀደም ብሎ ስለሞተ አንድ ልጇን ኢንጎቻን ያሳደገችው በዚሁ መደብ ነው። ኢንጎቻ አድጎ ወደ ኡክሩል ተራራ የሚወጣ ሚኒባስ ይነዳ ጀመር። ሰው ያወጣል፣ ድንችና ቃሪያ ያወርዳል፤ መንገዱ በአድማ ሲዘጋ ደግሞ እቤት ተጋድሞ ይውላል። እንዲህ ሲወጣና ሲወርድ ኖሮ አንድ ቀን ከድንቹ ጋር ዎንሬይላን ይዞ ወረደ። ታንግኩል ናት፣ የተራራ ሰው፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ፣ ስትናገር ቃሉን ከጉሮሮዋ የምታወጣ፣ ጉልበቷ የወንድ። በዚያ አገር ልጃገረድ ይዞ መጥፋት ያለ ነው። ኢቤምሃል ራሷ ጠፍታ ነው ያገባችው፤ ግን የራሱን ማን ያስታውሳል!

አላባረረቻትም። አንድ ሕግ ብቻ አወጣችላት፤ ከቤቱ ጀርባ ባለችው ጎጆ ያሉትን እንስራዎች እንዳትነካ።

«ለምን እማ?» አለች ዎንሬይላ።

«የእጅ ነገር ነው። ሁሉም እጅ ለንጋሪ አይሆንም።»

«እኛም አገር እኮ ንጋሪ እንበላለን።»

«መብላትማ ድመትም ይበላል።»

ዎንሬይላ ወደ ሥራዋ ዞረች። ልጅ ወለደች፣ ጓሮውን ቆፈረች፣ ውሃ ቀዳች፣ እንስራ ተሸክማ እስከ መንገድ ዳር ማድረስም የሷ ሥራ ሆነ። መሸከም መንካት አይደለም ተብሎ ነው እንግዲህ! አማትና ምራት በዚህ ሁኔታ ክፉም ደግም ሳይነጋገሩ ዓመታት ኖሩ።

አንድ ክረምት ኢቤምሃልን ጉንፋን ጣላት። እንደማንኛውም ጉንፋን ትኩሳት ነበረው፣ ሳል ነበረው፣ ሄደ። ሲሄድ ግን ባዶ እጁን አልሄደም። ከአልጋዋ ተነስታ ጎጆዋ ገባች፣ አንድ እንስራ ከፈተች፣ አጎነበሰች፤ ምንም የለም። ውሃ ያሸተተች መሰላት። የሰናፍጭ ዘይት ጠርሙስ አነሳች፤ ምንም። ላምባ፤ ምንም። በመጨረሻ ማንም እንዳያያት በሩን ዘግታ የኢንጎቻን ካልሲ አነሳች። ቀኑን ሙሉ ሚኒባስ ሲነዳ የዋለ ሰው ካልሲ፣ አስቡት! እሱም ምንም። ያን ጊዜ ነው አፍንጫዋ እንደከዳት የገባት።

ለማንም አልተናገረችም። ማን ሞኝ ነው የሚናገረው? ያቺ ለሰርግ ቤት የሸጠችው ሴት በዓይኗ ላይ ዞረች። ቀድሞ ንጋሪውን በአውራ ጣቷ ጫን ታደርግ፣ ቆንጥራ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ራሷን ትነቀንቅ ነበር። አሁንም ጫን አደረገች፣ አስጠጋች፣ ጨፈነች፣ ነቀነቀች። ቀን ቀንን ወለደ፤ ያማረረ የለም፣ የመለሰ የለም። እንዲያውም ደንበኛ በዛ። ኢቤምሃል ቀስ በቀስ ልቧ ተመለሰ፣ ከዚያም አልፎ ኮራች። «ይሄን ያህል ዘመን የሠራ ጣት አፍንጫ ምን ያደርግለታል?» ትል ጀመር ለራሷ። በዚያ ሰሞን ጓሮው ያለው ሙዝም ጉድ እስኪባል አፈራ፤ ኢቤምሃል ቤቷ የተባረከ መሰላት።

መኸር ሲደርስ የእህቶች ግብዣ ቀን መጣ። በዚያ ቀን ያገባች ሴት ሁሉ ወደ ተወለደችበት ቤት ሄዳ ከወንድሞቿ እጅ ትበላለች። ግብዣው ከቀኑ ቀደም ብሎ ነው የሚላከው፤ የወንድም ልጅ ኩዋ የሚሉትን የሚታኘክ ፍሬ በቅጠል ይዞ ይመጣና በሁለት እጁ ይሰጣል። ኩዋ ያልመጣላት ሴት ወንድም እንደሌላት ትቆጠራለች። ተጠርታ የመጣችን እህት ደግሞ በዚያ ቀን ማሳዘን አይቻልም። የእህት እንባ በወንድሟ ደጅ ከወደቀ ያ ቤት ዓመቱን ሙሉ በጎ አያይም ይላሉ፤ ሽማግሌ ሳይቀር ይህን ይፈራል።

ኢቤምሃል በየዓመቱ ካክቺንግ ላለው ወንድሟ ለኩላቢዱ ምርጥ ንጋሪ ይዛ ትሄዳለች። የሱን እንስራ ከሌሎቹ ጋር አታስቀምጠውም፤ መኝታ ክፍሏ ከአልጋዋ ሥር ነው የሚከርመው። በዚያ ጠዋት ጎትታ አወጣችው፣ ጭቃውን ሰበረች፣ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገች። ለስላሳ ነው፣ መልኩም ደህና። የሙዝ ቅጠል ላይ ስታወጣው ዎንሬይላ ከደጅ ሮጣ መጣች።

«እማ፣ እሱን አትውሰጂው። ከጎጆው ካለው ልቀንስልሽ።»

«ምን ሆነና?»

ዎንሬይላ ኢንጎቻን አየችው፤ በር ላይ ቆሞ ጫማውን ያስራል። ድምጿን ቀነሰች። «እንስራው ይተነፍስ ነበር። ጭቃው ሳይሰነጠቅ አልቀረም፣ አየር ገብቶበታል።»

«ከተራራ ወርደሽ ንጋሪ ልታስተምሪኝ ነው?» አለች ኢቤምሃል። «አንቺ ሳትወለጂ እኔ እረግጥ ነበር! ዞር በይልኝ፣ አውቶቡስ ያመልጠኛል።»

ኢንጎቻ ሳቀ፤ ዎንሬይላ ከንፈሯን ነክሳ ዞር አለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ይቺ ቃል በኋላ ኢቤምሃልን እንቅልፍ ነስታታለች። ያን ጊዜ ግን አዲስ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጥቅሉን አቅፋ ወጣች። ዎንሬይላ እንደየዓመቱ እቤት ቀረች። የሷ ወንድሞች ተራራ ላይ ናቸው፤ ይሄን በዓል አያከብሩም፤ እዚህ ታች ከተማው ባለበት ሸለቆ ደግሞ ኩዋ የሚልክላት ቤት የለም። አውቶቡስ ውስጥ በኢቤምሃል ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች አንድ በአንድ መስኮት ከፈቱ። ሙቀት ነው ብላ እሷም የራሷን ከፈተች።

ግብዣው አምሮ ነበር። ትልቁ ዓሣ በቅመም፣ ጥቁሩ የሩዝ ገንፎ፣ ከዚያም አትክልት ተቀቅሎ ከንጋሪና ከቃሪያ ጋር የሚደቆሰው ኤሮምባ። ኩላቢዱ ራሱ ወገቡን ታጥቆ አቀረበ፤ በዚያ ቀን ወንድም ነው የሚያስተናግደው። ኤሮምባው ሲመጣ ጨዋታው ትንሽ ቀዝቀዝ አለ። ኩላቢዱ ግን በእጁ ጠቅልሎ ጎረሰ፣ ዋጠ፣ ሳህኑን ዘረጋ።

«ጨምሩልኝ» አለ። «የእህቴ ንጋሪ ነው።»

ኢቤምሃል ያን ቀን ከደስታዋ ብዛት እግሯ መሬት አልነካም። እሷ ራሷ ሆዴ ሞልቷል ብላ አልቀመሰችውም፤ ዓሣውን ነበር የበላችው። ማታ ተመርቃ፣ ስጦታ ተሰጥቷት ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ግብዣው ላይ አብራት የነበረችው ታናሽ እህቷ ኑንግሺ ገበያ መጣች። ኑንግሺ ሌላ መንደር ያገባች፣ ምላሷ ቅጠል ሳይሆን ግንድ የሚቆርጥ ሴት ናት።

«ምነው ከሳሽ?» አለቻት ኢቤምሃል።

«ከሳሽ ትለኛለች! በሕይወት መኖሬስ?»

«ምን ነካሽ?»

«ያንቺ ንጋሪ ነካኝ፣ እትዬ!»

ኢቤምሃል ቀኝና ግራዋን አየች። ከጎኗ ደረቅ ዓሣ የምትሸጠው ጎረቤቷ እማ ታምፓክ ከደንበኛ ጋር ትከራከራለች። «ድምፅሽን ቀንሺ» አለች።

ኑንግሺ ቀነሰች፤ ለሷ መቀነስ የሚባለውን ያህል። «ወጥ ቤት ቅጠሉን ስንፈታው የወንድማችን ሚስት አፍንጫዋን ይዛ ወጣች። ውሻው ሸሸ! 'እንጣለውና ሌላ እናድርግበት' አልን። ወንድምሽ ምን ቢል ጥሩ ነው? 'እህቴ ከመደቧ ያመጣችውን ጥዬ ሌላ ባቀርብላት አንድ ቀን ትሰማለች፤ በሷ ቀን አላስለቅሳትም፤ ሥሩት' አለ።»

«እና በላችሁት?»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሁላችን እያወቅን በላን። እሱማ ጨምሩልኝ አለ እኮ፣ ሰምተሽዋል! ሲመሽ ወረፋ ነበር፣ ጓሮ። ወረፋ! እሱ ወረፋውን እንኳን መጠበቅ አልቻለም።» ኑንግሺ እየሳቀች ጀመረች፣ መሀል ላይ የእህቷን ፊት አይታ ተወችው። «እትዬ፣ አንቺ እንዴት አላወቅሽም?»

ኢቤምሃል ወንድሟ ጨምሩልኝ ያለው ትዝ አላትና ፊቷ በሃፍረት ተቃጠለ። ከዚያ ሌላ ነገር መጣባት፣ ከዚህኛው የባሰ። ጣቷ ያን እንስራ ካልለየ፣ ሌሎቹን ሁሉ የለየው ማነው? ክረምቱን ሙሉ አንድም ሰው ያላማረረው እንዴት ነው? ያ እንስራ ከሌሎቹ የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ አልጋዋ ሥር ነበር፣ ጎጆው ውስጥ አልነበረም።

በማግሥቱ ዶሮ ሳይጮህ ተነሳች። ጎጆዋ ውስጥ ብርሃን ነበር። ዎንሬይላ ፋኖስ አስቀምጣ ተንበርክካለች፤ በቢላ ጫፍ የእንስራውን ጭቃ ፈልቀቅ ታደርጋለች፣ ታሸታለች፣ በእርጥብ ጭቃ መልሳ ትደፍናለች። ደህናውን ወደ በሩ ታስጠጋለች። አንዱን ግን አሽትታ ፊቷን አጨማደደች፣ ወደ ግድግዳ ገፋችው።

«እሱስ የት ይሄዳል?» አለች ኢቤምሃል ከበሩ።

ዎንሬይላ ደነገጠች፤ ቢላው ከእጇ ወደቀ። ግን አልደበቀችም። «ሙዙ ሥር።»

«ሙዙ ሥር…» ኢቤምሃል ሙዙ ያን ያህል ያፈራበት ምክንያት ገባት። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከታመምሽ ወዲህ። ካልሲውን ስታሸቺ በመስኮት አየሁሽ።»

«ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«ኢንጎቻስ?»

«እሱ ከመሪና ከፍሬን ሌላ ምን ያውቃል?»

ኢቤምሃል የተደፋ ባዶ እንስራ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ የመጣው ምስጋና አልነበረም፣ ንዴት ነው። እንደ ሕፃን ስትጠበቅ ከርማለች! ጣቴ እያለች ስትኮራ ይቺ ልጅ እያየቻት! «ለምን አትነግሪኝም ነበር?» ብላ ጮኸች።

«ነገርኩሽ! 'ከተራራ ወርደሽ' አልሽኝ።» ዎንሬይላም ጮኸች፤ በዚያ ቤት ስትጮህ የመጀመሪያዋ ነው። «እንዳትነኪ አልሽ፣ ነካሁ። የበሰበሰውን ቀብሬ ባዶውን በአዲስ ዓሣ ሞላሁት፣ በእነዚህ እግሮቼ ረግጬ። ምቺኝ እንግዲህ!»

«ምን አግብቶሽ? ይቺ አሮጊት ትዋረድ ብትዪ ማን ይወቅስሽ ነበር?»

«እናንተ ሁላችሁ በእህቶች ግብዣ ቀን የምትሄዱበት ቤት አላችሁ» አለች ዎንሬይላ። ድምጿ ወረደ። «እኔ ያለኝ ይሄ ነው። ይሄ ቤት የቆመው በመደቡ ነው። መደቡ ከሄደ እኔ የት እሄዳለሁ?»

ኢቤምሃል ከብዙ ሰው ጋር ተጣልታ አሸንፋለች፤ ዛሬ ግን ተሸነፈች። አፈረች፣ ማፈሯንም አልደበቀችም። በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች፣ ያን የማይረባ አፍንጫ፣ ከዚያም «ልብስሽን ቀይሪ፣ ገበያ እንወጣለን» አለች።

ገበያ ሲደርሱ ረድፉ ሞልቷል። ዎንሬይላ እንስራውን አውርዳ ለመሄድ ዞር ስትል ኢቤምሃል ቀሚሷን ይዛ አስቀረቻት። እማ ታምፓክ ለራሷ ቤት የሚሆን ንጋሪ ፈልጋ እጇን ዘረጋች። ኢቤምሃል ክዳኑን አነሳች፣ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገች፣ ቆንጥራ እንደ ልማዷ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። እጇ እዚያ ላይ ቆመ። ከዚያ እጇን አዙራ ንጋሪውን ምራቷ አፍንጫ ሥር ያዘችው።

«አሽትተሽ ንገሪኝ።»

ዎንሬይላ አሸተተች። «ደህና ነው፣ እማ።»

በረድፉ ሚዛን የያዘችው ሚዛኗን እንደያዘች ቀረች።

«አንቺስ? ያንቺ አፍንጫ የት ሄዶ ነው?» አለች እማ ታምፓክ።

«ሞተ» አለች ኢቤምሃል፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ክረምት ላይ ሞተ። ከዚያ ወዲህ የበላችሁት በሷ አፍንጫ ነው። አፍንጫዬ እሷ ናት። መግዛት የፈለገ ይግዛ፣ ያልፈለገ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።»

ከወዲያ ማዶ አንዷ «የተራራ ሴት በንጋሪ ረድፍ?» ስትል ተሰማ። ሌላዋ «ንጋሪው ሲሸት የአሽታቺውን አገር ይጠይቃል እንዴ?» አለቻት። እማ ታምፓክ ግን ኩዋዋን እያኘከች ታስባለች።

«እኔ እኮ» አለች በመጨረሻ፣ «ከክረምቱ ወዲህ ንጋሪሽ ጣፍጧል ስል ነበር። ደህና ዓሣ አምጪ አግኝታ ደበቀችኝ ብዬ ቀንቼብሻለሁ።»

ኢቤምሃል ይሄን አልጠበቀችም። «ከክረምቱ በፊትስ?»

«ከክረምቱ በፊትማ…» እማ ታምፓክ ተፋች፣ አፏን ጠረገች። «ተይው ባክሽ። ጎረቤት ነን።»

ረድፉ በሳቅ ፈነዳ። ኢቤምሃል መደቧን ላጣ ነው ብላ ስትፈራ ከነበረው ይልቅ ይቺ ቃል ወጋቻት፤ እንዲያውም ለቀናት ወግታታለች። ግን ምን ታደርግ፣ እሷም ሳቀች፣ ሳቁ እንባ አመጣ። ከዚያ ወደ ጠርዙ ጠጋ አለችና በመዳፏ ከጎኗ ያለውን ቦታ መታ መታ አደረገች። ዎንሬይላ ነጠላዋን ሰብስባ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢቤምሃል ትመዝናለች፣ ትከራከራለች፣ ትሳደባለች፤ ዎንሬይላ ታሸታለች። ደንበኛም አልጎደለም።

ወሬ ካክቺንግ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም፤ ኑንግሺ የምትባል ሴት እያለች እንዴት ይፈጃል! ዓመቱ ዞሮ መኸር ሲደርስ የኩላቢዱ ልጅ፣ ጢሙን ያሳደገ ጎረምሳ፣ ኩዋ ይዞ መጣ። ኢቤምሃል ባለፈው ዓመት ያበላቻቸውን እያሰበች ዘንድሮ አይጠሩኝም ብላ ሰንብታለች፤ ልጁን ደጅ ስታየው ሮጣ ወጣች። ልጁ ጎንበስ ብሎ ቅጠሉን በሁለት እጁ ሰጣት። ቀጥሎ ከኪሱ ሌላ ቅጠል አወጣ።

«ሁለት?» አለች ኢቤምሃል። «እኔ እንኳን ያለኝ አፍ አንድ ነው።»

«አንዱ ያንቺ ነው፣ አክስቴ። ሌላው ለአፍንጫሽ ነው ብሏል አባቴ።» ጎረምሳው ሳቁን መያዝ አቃተው። «'የእኔ ቤት ልጅ ናት፣ ትምጣ' ብሏል። 'ሳታሸትተው ንጋሪ እንዳታመጪ' ብሎሻል ደግሞ።»

ከዚያ ወደ ዎንሬይላ ዞረ፣ ጎንበስ አለ፣ በሁለት እጁ ሰጣት። ዎንሬይላ የያዘችውን የልጇን እጅ ለቃ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለች። በዚያ አገር እህት በወንድሟ ቤት የማታለቅሰው በግብዣው ቀን ነው። ይሄ ገና የጥሪው ቀን ስለሆነ ማንም ተይ አላላትም።